አትንኪው ያልናት ጆሮ

ኩብራን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጨካኝ እናት ይላታል። ልጇን ቤት ቆልፋባት ስለምትሄድ ነው። አፍ ያለው ሁሉ ያወራል፤ ልጅቷን አንድ ቀን ልያዝልሽ ያላት ግን አላየሁም። እኔም አልያዝኩላትም። ስለዚህ ሰው ከማማቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ።

ወለተሐና እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ጠዋት ቅንጬ፣ ቀን ሽሮ ለተማሪዎቹ እንሠራለን። አንዲት የሠራተኛ ልጅ በፈላ ውሃ ከተቃጠለች ወዲህ ልጅ ይዞ ወጥ ቤት መግባት ክልክል ነው። ኩብራ ደግሞ ከጎኔ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የዓሊዩ አምባ ልጅ ናት። ባሏ ወደ መተሐራ ሥራ ፍለጋ ወርዶ በዚያው ቀልጦ ሲቀር፣ ሌይላን አዝላ ወደዚህ ብርድ ወጣች። ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ አሸዋና ብሎኬት ትሸከማለች። ልጅ ይዛ ከሄደች ከበር ይመልሷታል። መንግሥት የሕፃናት ማቆያ ከፈተ ሲባል ሰምታ ሮጣ ሄደች፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ልጆች ነው ተባለች። "እትዬ፣ የኔ ልጅ ታዲያ የማን ናት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ትቆልፋለች። ቂጣና ውሃ አስቀምጣ፣ ክብሪቱን ኪሷ ከትታ፣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትዘጋለች። ሌይላ መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ኋላ ተወችው። እኔን ያስፈራኝ መተዋ ነው።

አምና ልጅቷ ከሳች። ክንዷ የጭልፋ እጀታ አከለ። ጤና ጣቢያው ለተጎዱ ሕፃናት በከረጢት የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ ይሰጣል፤ ግን ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ነው ተባልን። ሌይላ አምስት ከሞላት ሁለት ወሯ ነበር። ኩብራ፣ "ወላሂ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ያዝኑልኛል" አለች። እኔ ነኝ ተይ ያልኳት፤ ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። "ሦስት ዓመቷ ነው በይ። ቁመቷን አይቶ ማን ይጠረጥርሻል?"

በዚህ አላበቃሁም። በኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ስንገባ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ቀኝ እጃችንን በአናታችን ላይ አዙረን ግራ ጆሯችንን ከነካን ደርሰናል፤ ካልነካን ወደ ቤት ነው። ነርሷ ተጠራጥራ እንዲህ ብታደርጋትስ ብዬ ሌይላን ፊቴ አቁሜ አስጠናኋት። "ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ጆሮሽን ንኪ ካለሽ እንዳትነኪ። ፀጉርሽ ላይ ስትደርሺ አቁሚ።" ጨዋታ መስሏት ሳቀች። "ከነካሽ ምግቡን አይሰጡንም" ስላት ግን መሳቋን ተወች። ሦስት ቀን ተለማመደች።

ነርሷ እንደፈራሁት አደረገቻት። ሌይላም እጇን ፀጉሯ ላይ አቁማ እናቷን አየቻት። ካርዱ ላይ ሦስት ዓመት ተብሎ ተጻፈ፤ ምግቡ ተሰጠን፤ ልጅቷም ነፍስ ዘራች። ያን ሰሞን ብልጥ ነኝ ብዬ ኮርቻለሁ።

ዘንድሮ ስድስት ሞላት። ስድስት ማለት እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል፣ ከአንደኛ በፊት ያለው ነው። ከልጆች ጋር ትውላለች፣ ትበላለች፣ ሲለቀቁ እኔው ይዣት እገባለሁ። ኩብራ ዓመቱን ሙሉ ይህን ቀን ነው የጠበቀችው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የቤቷ የመብራት ሽቦ ዝናብ ገብቶበት ተቀጣጠለ። ልጅቷ ውስጥ ነበረች። ሰው በሩን ገንጥሎ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ኩብራ ሥራ ላይ ጭስ ባየች ቁጥር የተሸከመችውን ጥላ ትሮጣለች። በዚህም ሁለቴ ከሥራ ተባራለች።

የምዝገባው ቀን ከወጥ ቤት ሹልክ ብዬ አብሬያት ተሰለፍኩ። ያለ ወረቀት አይመዘገብም ተባለ። ያለችን ወረቀት ያቺው የጤና ጣቢያ ካርድ ናት። መዝጋቢው መምህር ዘርአ ዳዊት ናቸው፤ የዜሮ ክፍል አስተማሪ፣ ደህና ሰው። ካርዷን አይተው "ይቺ እኮ ገና አራት ዓመቷ ነው" አሉ። እኔም አላስቻለኝም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። "መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለምግብ ብለን ዕድሜዋን ቀነስን። ስድስት ሞልቷታል።"

መምህሩ ሌይላን አዩአት። "እኔም ትምህርት ቤት የገባሁት ጆሮዬን ነክቼ ነው፣ እትዬ ወለተሐና" አሉና ካርዱን ገፋ አደረጉት። "ጆሮዋን ከነካች እመዘግባታለሁ። ለሚጠይቀኝ እኔ እመልሳለሁ።"

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ይቺ ልጅ ጆሮዋን ነክታ ይተርፋታል። ኩብራ "ያ ረብ" ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ነይ ሌይላ፣ እጅሽን እንዲህ አዙሪና ጆሮሽን ንኪ" አሏት።

ሌይላ ቀና ብላ አየቻቸው። ነጭ ጋዋን ለብሰዋል። ከዚያ እኔን አየችኝ። ያኔ ገባኝ። እጇን አነሳች፣ በአናቷ ላይ አዞረች፣ ፀጉሯ ላይ ስትደርስ አቆመች።

"ንኪው የኔ እናት" አለች ኩብራ። "ንኪው፣ ዛሬ ይነካል።"

"አትርዷት" አሉ መምህሩ።

ኩብራ ማልቀስ ጀመረች። ሌይላ የእናቷን እንባ ስታይ ያጠፋች መሰላትና ጣቷን ይበልጥ ወደ ኋላ፣ ወደ መሃል አናቷ ሳበችው። ኩብራ ዘላ እጇን ያዘችና ወደ ጆሮዋ ጎተተችው። ልጅቷ ተንፈራገጠች። "አልደርስም! እማ፣ አልደርስም!" እያለች ጮኸች። ከኋላ የተሰለፉት እናቶች፣ ጎትተውማ የሁለት ዓመትም ያደርሳሉ ብለው አጉረመረሙ።

"ያ የድሮው ነው፣ ሌይላ፣ እኔ ነኝ ያስጠናኋት፣ መምህር" እያልኩ ቀባጠርኩ። ማን ይስማኝ። አንዴ ዋሽቻለሁ ያልኩት እኔው ነኝ። መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው ካርዱን መለሱላት። "ከሁለት ዓመት በኋላ አምጫት፣ እህቴ። እኔም አለቃ አለብኝ" አሉ። ኩብራ ካርዷን ተቀብላ ልጇን አዘለች።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ጓጉንቸሩ በሩ ላይ ነበር። ኮቴዬን ሰምታ ነው መሰለኝ ሌይላ በበሩ ስንጥቅ ጠራችኝ።

"እትዬ፣ አልነካሁም እኮ።"

"አዎ፣ አልነካሽም" አልኳት።

"ምግቡን መቼ ነው የሚሰጡን?"

ነገ አልኳት። ከዚያም ሄጄ ለሦስት መቶ ልጆች ቅንጬ ሠራሁ።