ቁልፍ መምታት የተማርኩበት ዓመት

ወንድሜ የብረት ቁልፍ ሲመታ መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር። ተጭነው ሲዘጉት ጠቅ የሚለውን፣ በቦርሳና በቀበቶ፣ በኋላም በሞባይል ማስገቢያ ላይ የሚደረገውን ቁልፍ ማለቴ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ እሱ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ ቁልፍ ይመታል፤ እኔ እህቱ እሰፋለሁ። እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ዓመት ሠራን። በስድስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር።

አባታችን ደምበጫ አካባቢ ቆዳ ፋቂ ነበር። እናታችንንም እሱንም ከቀበርን በኋላ ወደ ከተማ የወጣነው ሥራውን ጠልተን አይደለም፤ ስሙን ሸሽተን ነው። የአገሩ ሰው አባቴ በሠራው ጠፍር አልጋ ላይ ይተኛል፣ አባቴ በሰፋው ማኅደር ዳዊቱን ያንጠለጥላል፣ ከቤታችን ግን ውሃ አይጠጣም። ከተማ የገባን ቀን ወንድሜ፣ "እዚህ የማን ልጆች ናችሁ የሚለን የለም" አለኝ። ለአንድ ክረምት ያህል እውነቱን ነበር። ከዚያ አንድ የአገራችን ሰው ገበያ መጥቶ አወቀን። ጎረቤቶቻችን ሰላምታቸውን አልቀነሱም፤ ቤታችን መግባቱን ብቻ ተዉት።

የወንድሜን ሥራ ግን የሚተወው ሰው አልነበረም። ሌላው ባለሙያ አንዱን ቁልፍ በስቶ፣ ገጥሞ፣ መትቶ ሲጨርስ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው። ወንድሜ የሃያውን ማስገቢያ ቀዳዳ ባንዴ ይበሳል። ጎድጓዳዎቹን ሴቴዎች በአንድ ረድፍ፣ ጉጥ ያላቸውን ወንዴዎች በሌላ ረድፍ ይደረድራል። ከዚያ መዶሻውን ካነሳ ሃያው ሳያልቅ አያስቀምጥም። አንዱም አይጠምም፤ የአንዱም ጠርዝ አይጨረመትም። አድንቀው ሲጠይቁት፣ "እጄ ፈጥኖ እኮ አይደለም፤ በየመሃሉ እቃ ፍለጋ ስለማልነሳ ነው" ይላል።

ሕመሙ የጀመረው በቀኝ አውራ ጣቱ ነው። አንድ ቀን የመታውን ቁልፍ ለመሞከር ተጫነው፤ አልዘጋለት አለ። "ይሄ ጠንክሯል" ብሎ ሰጠኝ። ያለ ምንም ትግል ጠቅ አለልኝ። ሁለታችንም ነገሩን በብርዱ አሳበብን። በወሩ መዶሻው ከእጁ ወድቆ እግሩን መታው። ጠበል ሁለት ሱባኤ ገባን። ከዚያ ሐኪም ቤት ሄድን፤ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

የአዲስ አበባው ሐኪም ጎልማሳ ነበር፤ ሲናገር ወንድሜን እንጂ እኔን አላየም። "የሚደክመው ነርቭህ ነው። እጅህ ላይ ብቻ አይቆምም" አለው። እኔ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ብዕሩን ከፍቶ ምንም ሳይጽፍ መልሶ ከደነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ዓባይን ወጥቶ ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። ሻይ አዘዝን። ወንድሜ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ጠጣ፤ አስቀመጠና፣

"ስንገባ ቁልፍ መምታት አስተምርሻለሁ" አለኝ።

"ለምን?"

"አሁን መዶሻ መያዝ እችላለሁ። እጅሽን ይዤ ላሳይሽ እችላለሁ።"

"አንተ እያለህ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምማረው? ትድናለህ!"

 ፊቱን አዙሮ ቁልቁል ወደ ዓባይ የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች ያይ ጀመር።

ይህ ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳነሳብኝ አልቆጠርኩም። "ነይማ ዛሬ እንኳ አንድ ምቺ" ሲለኝ የሚሰፋ ነገር አገኛለሁ፤ ክር አልቋል ብዬ ገበያ እወጣለሁ። የተማርኩ ቀን እሱን የቀበርኩት ይመስለኝ ነበር። መዶሻው የእሱ ብቻ እስከሆነ ድረስ ሞት የሚጠብቀው ይመስለኝ ነበር። ቁልፍ ያለበት ሥራ ሲመጣ "ለፋሲካ ተመለሱ" እያልን ሰደድን። ፋሲካም አለፈ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስመጣ ሱቁ በር ላይ ቆም አልኩ። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኛል። መዶሻውን በሁለት የእጁ አንጓዎች መሃል አጣብቆ ሊያነሳው ይታገላል። ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ይወድቅበታል። ደግሞ ይሞክራል። አልገባሁም። መንገዱን ተሻግሬ ትንሽ ቆየሁና ድምፄን እያሰማሁ ተመለስኩ። ምሳውን አጎረስኩትና፣

"እሺ፣ አስተምረኝ" አልኩት።

ጉልበቱ ላይ የተጋደሙትን እጆቹን አየ። "አሁን በምኔ?" አለ። ቁጣ የለበትም፤ የምር ነው የጠየቀኝ። 

በአፉ አስተማረኝ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ እኔ ቁልፉ የሚመታበት ብረት ፊት እሆናለሁ። "ቀዳዳው ይጥበብ፤ የቁልፉ እግር ታግሎ ይለፍ። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ቁልፍ ይዋልላል።" እበሳለሁ። "ከቆዳው በላይ የቀረው የጤፍ አገዳ ውፍረት ያህል ይሁን፤ ከበለጠ ይታጠፋል፣ ካነሰ አይነክስም። ቆዳው ከወፈረ ከጀርባው ፋቂው።" እፍቃለሁ። "አሁን የመምቻውን ዘንግ ቀጥ አድርጊ። መጀመሪያ አስቀምጪው እንጂ አትምቺው። ቀስ። አዎ። አሁን አንድ ጊዜ፣ ከክንድሽ።"

እመታለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። "ጠመመ" ይላል ሳያየው። ሳየው ጠሟል። "ይሄ ላላ።" በጣቴ ስሞክረው እንደ ጎማ ይዞራል። አንዳንዴ ጭራሽ ሳልመታ፣ "መዶሻውን ከአንገቱ ይዘሽዋል" ይለኛል፤ እውነቱን ነው። በዚያ ክረምት ስንት ቁልፍ አበላሸሁ! እጄን በእጁ ይዞ ሦስት ቀን ቢያሳየኝ የማውቀውን በሁለት ወር በቃል ብቻ ለቃቀምኩት። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ "ደጀን ላይ ብዬሽ አልነበር?" አላለኝም። ቢለኝ በተሻለኝ።

ሐምሌ ላይ ከደብረ ኤልያስ አንድ የቅኔ መምህር መጡ፤ አባቴን የሚያውቁት ሽማግሌ ናቸው። የዳዊታቸውን ማኅደር ይዘዋል። ጣታቸው በቁርጥማት ደርቆ የማኅደሩን ጠፍር መፍታትና ማሰር አቅቷቸዋል።

"ባንድ እጄ የምከፍተው ቁልፍ አድርጉልኝ" አሉ። "ይሄ ማኅደር የመምህሬ ነበር፤ እሳቸውም ከመምህራቸው ነው ያገኙት። አደራ።"

ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። "ትሠራለች፣ የኔታ" አላቸው። ያን ጊዜ ምላሱም መተሳሰር ጀምሯል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ነው የተናገረው። የኔታ ሳምንት ቀጠሩን።

አራት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን በሳሁት። ያ ቆዳ በዘመን ብዛት ደርቋል፤ መብሻው ሲያርፍበት ክዳኑ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። መዶሻውን ወርውሬ ተነሳሁ። "አልቻልኩም! እኔ አንተ አይደለሁም! የሰው አደራ ቀደድኩ!" እያልኩ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በፊት ፊቱ አልቅሼ አላውቅም። እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ።

"ጨረስሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ጨረስኩ።"

"ከበግ ቆዳው ስስ አድርገሽ ቁረጪ። ስንጥቁን ከውስጥ አልብሰሽ ስፊው። መስፋት ታውቂያለሽ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ብሺ።"

ሰፋሁት። በሳሁ። ሴቴውን ገጠምኩ፣ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ፣ አንድ ጊዜ ከክንዴ መታሁ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጠበቅሁ፤ ጠመመም ላላም አላለም። ምንም አለማለቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የኔታ በቀጠሯቸው መጡ። ማኅደሩን ከመስጠቴ በፊት፣ "የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ክዳኑን ቀድጄዋለሁ" አልኳቸው። በደረቀ ጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱት። ከዚያ ማኅደሩን ገልብጠው ታች ላይ ያለ ሌላ ስፌት አሳዩኝ። "ይሄንን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ በተማሪነቴ። መምህሬ አልገረፉኝም፤ እኔስ አንቺን እገርፋለሁ?" አሉ። ቁልፉን ተጫኑት፤ ጠቅ አለ። በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ተከፈተ። እንደ ሕፃን ደጋግመው ከፈቱ፣ ዘጉ።

ወደ ወንድሜ ዞረው፣ "እኛ በቅኔው ቤት እንመታለን፣ እናንተ ቁልፍ ትመታላችሁ፤ እንግዲህ ሁላችንም ስንመታ ኖርን" አሉት። ወንድሜ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። "ስንመታ" ያሏትን ቃል አላልተው እንደ መቺ ይሁን አጥብቀው እንደ ተመቺ የተናገሯት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሊወጡ ሲሉ፣ "ውሃ አጠጡኝ" አሉ።

 ጎረቤት ሄጄ ኩባያ ልለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ። "የኔታ፣ ከኛው ኩባያ ነው..." ብዬ ጀመርኩ።

"ታዲያ ከማን ኩባያ ሊሆን ነው?"

ወንድሜ በሚጠጣበት ጣሳ ቀዳሁላቸው። ቆመው ጨረሱት። አባቴን እያወቁ፣ እኛን እያወቁ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑን የሚጠርግበት እጅ ስላልነበረው ጠጋ ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁለት።

ወንድሜ በነሐሴ፣ በፍልሰታ መሃል አረፈ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር። ቀብሩ ላይ ሰው መጣ፤ አልመጣም አልልም። ከቀብር መልስ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ከእህላችን የቀመሰ ትንሽ ነው፤ "ዝናቡ" እያሉ ከበር ተመለሱ። የኔታ መንገዱ ተቋርጦባቸው በሦስተኛው ቀን ጭቃ እንደለበሱ ደረሱ። በልተው፣ ጠጥተው፣ አድረው ሄዱ።

ከአርባው በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። አራት ዓመት በዚያች ቤት ሞባይል ማስገቢያ ሠራሁ፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰችና ሌላ ተከራየሁ። አሁን እኔም የሃያውን ቀዳዳ ባንዴ እበሳለሁ። የሚያዩኝ ሰዎች ፈጣን ነሽ ይሉኛል። ከማን እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ከወንድሜ እላለሁ፤ እንዴት እንደተማርኩ አልናገርም። ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር እጁ ሊይዘኝ ይችል ነበር። ያንን አምስት ወር ክር ፍለጋ ገበያ ለገበያ ስዞር አሳለፍኩት።