ወንድሜ በጠፋ ዓመት ያነበብኩት ልብ ወለድ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ፣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥ፣ ሽፋኑ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያንና የተኛች ድመት ያለበት ልብ ወለድ አየሁ። እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ።

ያኔ ከእናቴ ጋር ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት በኅዳር አንድ ጠዋት ጃኬቱን ሳይለብስ ወጥቶ አልተመለሰም። ለፖሊስ ሪፖርት አደረግን። ፎቶውን በየምግብ ቤቱ በር ለጠፍን፤ ዝናብ አጠበው። እናቴ ጾመች፣ ተሳለች። እኔ በእግዚአብሔር ማመን ካቆምኩ ቆይቼ ነበር፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

መጽሐፉን ያገኘሁት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። በታሪኩ አንዲት የፓስተር መበለት በትንሽ ከተማቸው የጠፋውን ኦርጋን መቺ ወጣት ትፈልጋለች። በየምዕራፉ ኬክ ትጋግራለች፣ ትጸልያለች፤ አሜን እንዳለች ፍንጩ ከፊቷ ዱብ ይላል። ሳቅኩ። ግን ማሽኑ ከቆመ በኋላም እርጥቡን ልብስ ትቼ ሳነብ ቆየሁ። በዚያ ከተማ የጠፋ ሰው እንደሚገኝ ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል። ለወራት ልቤ እንዲያ አርፎ አያውቅም ነበር።

"ምንድን ነው የሚያስቅሽ?" አለችኝ እናቴ፣ መጽሐፉን ቤት ወስጄ ሳነብ፤ ዐቢይ ጾም ነበርና ምስር እየለቀመች። ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ፣ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላት ጀመር። "እህቱ ናት የምትዋሸው" ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች።

በመጨረሻው ምዕራፍ ልጁ በሕይወት ተገኘ። እናቱ በር ስትከፍት ደጅ ቆሟል። የማላምነው እኔ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"በቃ፣ ዝጊው።"

"እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው።"

"ሴትዮዋ ስንት ቀን ጸለየች?"

ገጾቹን አገላበጥኩ። "አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።"

"እኔ አምስት ወር ሞላኝ" አለችና እጇን ታጥባ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም። ስለ ዳዊት ስትጸልይ ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሳላምን በእሷ እምነት ተደግፌ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ዛሬ እሷ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። እንዲያ ያሉ መጻሕፍት በሚወዱ ሰዎች አልስቅም፤ የጠፋ ሁሉ የሚገኝበት ከተማ ለጥቂት ሰዓት መግባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የወንድሜ ፋይል እስካሁን አልተዘጋም ይላሉ ፖሊሶቹ። እናቴ አልባኒ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ናት። እሑድ ስደውልላት የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ደህንነታቸውን ትጠይቀኛለች። የእሱን ስም አታነሳም። እኔም አላነሳም።