«ባለቤቱ የታለ?»

ሰመራ በምኖርበት ሰፈር ካለው ሆቴል ጓሮ፣ አንሶላ ታጥቦ በሚሰጣበት ሰዓት፣ የሳሙና ሽታ ከትኩስ አቧራና ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ልቤ ይደነግጣል። ባደግሁባት ሎጊያ ከተማ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ የነበረው ግቢያችን እንደዚያ ይሸት ነበር። ወዲያው የአያቴ የእማ ዘሀራ ድምፅ ይከተላል፦ «ባለቤቱ የታለ?»

እማ ዘሀራ ከወሎ የመጣች፣ ቀጭን፣ ኮስታራ፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ነበረች። የከባድ መኪና ሾፌሮችንና የረዳቶቻቸውን ልብስ እያጠበች ነው እናቴንና እኔን ያኖረችን። በበጋ፣ ከጅቡቲ የሚመለሱት በላብና በቅባት የደረቀ ሸሚዛቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ኪሱን ገልብጣ ካራገፈች በኋላ ልብሱን ከሳፋው በላይ አንጠልጥላ፣ ሰውየው ፊቷ ቆሞ እያየችው፣ «ባለቤቱ የታለ?» ትል ነበር። «አለሁ» ካላላት ውሃ አታስነካውም። አዲስ ረዳቶች ሙቀቱ አናቷ ላይ የወጣ ይመስላቸው ነበር፤ የለመዷት ግን ገና ከመንገዱ «አለሁ እማ ዘሀራ! ጅቡቲም አልገደለችኝም!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ አትስቅም።

ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ እማ ዘሀራ ቁስለኞች በሚታከሙበት ካምፕ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጥራ ነበር። ልብሱ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ይመጣል፣ ውሃው ቀልቶ ይደፋል፣ የዳነው መልሶ ይለብሰዋል፣ ያልዳነው ሰው ልብስ ለሌላ ይሰጣል። አንድያ ወንድ ልጇ፣ አጎቴ ሰይድ፣ ያኔ ግንባር ነበር። በፈቃድ መጥቶ በነበረ ጊዜ የዩኒፎርሙን ብብት በገዛ እጇ ጠቅማለት ስለነበር፣ ያንን ስፌት በየሸሚዙ ትፈልግ ነበር፤ ሥራውንም የያዘችው ለዚያ ነው። ልብሱን ውሃ ውስጥ ከመንከሯ በፊት ባለቤቱን በሹክሹክታ ትጠራለች፣ ማንም አይመልስላትም። ጦርነቱ አለቀ፤ ስፌቱም አልመጣም፣ ሰይድም አልመጣም፣ ሞተ ብሎ የነገረንም ሰው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ደጋ ላይ የዘነበው ወንዙን ይሞላውና እኛ ጋ የሚደርሰን አቧራ ያዘለው ነፋስ ብቻ ነበር። ነፋሱ የተሰጡትን እጅጌዎች ሲነፋቸው ሰው የገባባቸው ይመስለኝ ስለነበር ከገመዱ ሥር ማለፍ እፈራ ነበር። ይበልጥ የምፈራው ግን በራችን ጀርባ የተንጠለጠለውን ቡናማ ሸሚዝ ነው፤ ሰይድ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ አውልቆት የሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ያልነካው። ረመዳን በመጣ ቁጥር እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ ለወንድሜ የሙት ሰደቃ እናውጣለት፣ ዱዓ ይደረግለት» ትላታለች። እማ ዘሀራ ወደ ሸሚዙ ትጠቁምና «ላቡ እንኳ ሳይለቅ! ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?» ትላለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ትወጣ ነበር። ወንድሟን ማልቀስ ተከልክላ ነው ያረጀችው።

ዓይኗ በደከመበት ዓመት፣ ሙቀቱ በረድ ማለት በጀመረበት የኅዳር ጧት፣ እማ ዘሀራ «ያንን ሸሚዝ አውርጂልኝ» አለችኝ። ኪሶቹን ገለበጠች፣ ባዶ ነበሩ። ሸሚዙን ከሳፋው በላይ አንጠልጥላ «ባለቤቱ የታለ?» አለች። እናቴ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ አሳዝናኝ «አለሁ» ልላት አፌን ስከፍት፣ እናቴ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ። እማ ዘሀራ ጠበቀች። ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ አለፈ። ደግማ ጠየቀች፣ አሁንም ጠበቀች፣ ከዚያ ሸሚዙን ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ ለቀቀችው።

«ሰደቃውን አውጡለት» አለች።

እናቴ ስታለቅስ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እማ ዘሀራ ግን ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ስታሸው ዋለች።

ዛሬ ቤቴ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ እጄ ሳሙና የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ባሌ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው። ቤት ሲሆን ሸሚዙን ማሽኑ አፍ ላይ ይዤ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ከሶፋው ሳይነሳ «አለሁ!» ብሎኝ ይስቅብኛል፤ እኔም እስቃለሁ፣ ከአያቴ የምለየው በዚህ ነው። አጎቴን ከወሰደው ጦርነት ወዲህ በዚሁ ክልል ሌላ ጦርነት አልፏል። ባሌ መንገድ ላይ ሲሆን ግን ልብሱን አላጥብም። የላቡ ሽታ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ፣ እስኪመጣ፣ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይቆየኛል።