ሊፍት ውስጥ የሰማሁት ምስጋና

ካዛንቺስ ያለ አንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለሥራ ኢንተርቪው ተጠርቼ ነበር። ሰዓቱ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሻሽ ካሰሩ አንዲት እናት ጋር ሊፍት ውስጥ ገባሁ። አራተኛ ፎቅ ጋ ስንደርስ መብራት ጠፋና ሊፍቱ ቀጥ አለ።

እኔ በሩን መደብደብ ጀመርኩ። "ሰው የለም እንዴ? ኧረ ክፈቱልን!" ላቤ ከረባቴን አራሰው። እሳቸው ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ።

"አልሐምዱሊላህ ጌታዬ! ልጆቼን ይዤ ከወሎ ስመጣ ማደሪያ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ኩላሊቴን ታምሜ ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ ያዳንከኝ አንተ ነህ።"

በቃ፣ በራሴ አፈርኩ። ስልኬ ኔትወርክ የለው፣ ኢንተርቪውም እንደሆነ አምልጦኛል። ቢያንስ ልረጋጋ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ እንዲህ ያለ እምነት ከየት አመጡ?" አልኳቸው።

"ከየት ይመጣል ልጄ? በዓይኔ አይቼው ነው እንጂ" አሉኝና ወደ ምስጋናቸው ተመለሱ።

"ባለፈው ማክሰኞም እዚሁ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብኝ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ከቆየሁ በኋላ በሰላም ያወጣኸኝ አንተ ነህ!"