ጥቁሩ አፈር የያዘን ክረምት

ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከሁሉ የምወደው የምድርን ዕድሜ የማስተምርበትን ምዕራፍ ነው። ይህ ቆላችን ድሮ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ እንደነበረ፣ ሙቀትና ዝናብ ድንጋዩን አድቅቀው አፈር እንዳደረጉት፣ ዛሬ የሌለ ደን በቅሎበት እንደጠፋ ስናገር ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ታላቅ ወንድሜ ግን ይስቅብኝ ነበር። ከወንዝ ማዶ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ሰው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በሚሊዮን ካልሆነ መቁጠር አትችልም እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ያን ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ዘር ላግዘው ሄድኩ። በእኛ አገር መንገዱ ሳይዘጋ ስንቅ፣ ናፍጣና መድኃኒት ወደ እርሻ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የገባ ገባ፣ የወጣ ወጣ ነው። ጥቁር አፈር በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አለው፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማም ሰውም ይይዛል። ይህንንም አስተምራለሁ። ማስተማርና መያዝ ግን ለየቅል ናቸው። ሳምንት ሳይሞላኝ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ መንገዱን አይ ጀመር። የትም ብዞር ጭቃና ሰማይ ብቻ ነው።

አዲስ መሬት ሲመነጠር ትራክተሩ አንድ ግንድ ገለበጠ። ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ለማገዶ ሊፈልጠው ቢመታው መጥረቢያው ተሸረፈ። ግንዱ ድንጋይ ነበር፤ ቅርፊቱም የዕድሜ ቀለበቱም ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሠራተኛው «የሰይጣን እንጨት ነው!» ብሎ አማተበ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ዛፉ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ማዕድን ያዘለ ውሃ እየሰረገበት ድንጋይ እንደሆነ ላስረዳ ብሞክር፣ ወንድሜ «እንኳንም ድንጋይ ሆነ፤ ምስጥ ይጨርሰው ነበር» አለ። ለትምህርት ቤት ልወስደው ካምፑ ውስጥ የምናድርበት ዳስ ሥር አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወንድሜን ወባ ጣለው። ያስገባነውን ኪኒን ሰጠነው፣ አስመለሰው። ደግመን ሰጠነው፣ ያንንም አስመለሰው። በማግስቱ እኔን በሟች አባታችን ስም ይጠራኝ ጀመር። ፈራሁ። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩና ከወንዙ ወዲያ መኪና እንዲጠብቀን አደረግሁ።

የትራክተሩ ተሳቢ ላይ አስተኝተነው ተነሣን። ከካምፑ ፈቅ ሳንል የትራክተሩ የኋላ ጎማ ሰመጠ። ቅርንጫፍ አነጠፍን፣ ጆንያ አነጠፍን፣ የማሽላ አገዳ አነጠፍን፤ ጭቃው ሁሉንም ዋጠው። ያ የጎጃም ልጅ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ወደ ዳሱ ተመልሰን ድንጋዩን ግንድ እያንከባለልን አመጣንና ጎማው ሥር ወሸቅነው። ትራክተሩ አጓርቶ፣ ጎማው ነክሶት ወጣ። ግንዱ እዚያው ሰጠመ። ዞሬም አላየሁት።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ቀይ ውሃ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ ይወርዳል። ከማዶ መኪናው ቆሟል፤ የሾፌሩን ነጠላ ጫማ እንኳ አያለሁ። ወደ ኋላ ጭቃው፣ ወደ ፊት ውሃው። በአፈሩም፣ በወንዙም፣ በራሴም ተናደድኩ። ድንጋይ አንስቼ ውሃውን መታሁት፤ ሠራተኞቹ ከእንጨትና ከጆንያ ቃሬዛ ያበጁ ጀመር።

ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። ያን ጊዜ አወቀኝ።

«መቼ ይጎድላል?»

ይህ ወንዝ ሸለቆውን ለመቦርቦር ስንት ዘመን እንደፈጀበት ልነግረው እችል ነበር። የጠየቀኝ ግን እሱን አይደለም።

«አሁን ይጎድላል፤ ትንሽ ታገሥ» አልኩት።

«ውሸት አትችልበትም» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ እንዳንተ ድንጋይ አይደለሁም፣ ወንድሜ። ብዙ አልቆይልህም።»

እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ይፋጅ ነበር፤ ቆይቶ በረደ። ዓይኑን በመዳፌ ከደንኩለት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃው ወገብ ድረስ ጎደለ። ቃሬዛውን በትከሻችን ተሸክመን ተሻገርን። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቀናል።

«ቶሎ በሉ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪም አለ!» አለን።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ንዳ አልኩት።