በቀሚሱ ጠርዝ የተሰፋው ክብደት

ልብስ ሰፊው የአራት ዓመት ልጁን «ቁልፌ» ይላታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና እሷ፣ አንድ የስፌት መኪናና የጨርቅ ክምር ናቸው።

ልጅቷ ከኤችአይቪ ቫይረስ ጋር ነው የተወለደችው። አምና ፈንገስ እስከ አንጎሏ ሽፋን ዘልቆባት ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ማታ ከምትወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት ሌላ የፈንገሱን ሽሮፕ በየጠዋቱ ትወስዳለች። ጠዋት ከአባቷ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «አፍሽን ክፈቺ» ነው። እሱ የሚናፍቀው አንድ ተራ ጠዋት ነበር፤ ጠርሙስ የማይነቀነቅበት፣ ልጁ ፊቷን የማታጨማድድበት፣ ዝም ብለው ተያይተው የሚስቁበት።

ባለፈው ቀጠሮ ነርሷን «ሽሮፑ መቼ ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቃት። «መጀመሪያ ትጠንክር፣ ክብደትም ትጨምር» አለችው። እሱ የያዘው ክብደቱን ብቻ ነው።

ወር ሙሉ በእንቁላል፣ በወተት፣ «ብዪልኝ» እያለ በመለመንም ሞከረ። አንገቷ ያው ቀጭን ነው። በቀጠሮው ዋዜማ ለቀሚሷ ድርብ ገበር አበጀላት፤ መጋረጃ እንዳይበር ከታች የሚሰፉትን ትንንሽ ብረቶችም በጠርዙ ዙሪያ ደረደረ። ስፌቱ ያምር ነበር።

ነርሷ ሚዛኑን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«በአንድ ወር ሁለት ኪሎ? ምን አበላሃት፣ ወንድሜ?»

«ያው፣ ከቤት ያለውን።»

«ሲስተር፣ ቀሚሴ ከበደኝ» አለች ልጅቷ። «ስሮጥ ጉልበቴን ይመታኛል።»

ነርሷ ጠርዙን ዳበሰች። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መድኃኒቱ እኮ በኪሎ ነው የሚታዘዘው! የብረቱን ድርሻ ማን ሊጠጣው ነበር? ይቺው ልጅ አይደለችም?»

«ይቆምላታል ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

«የሚያስቆመው ክብደት አይደለም። የሰውነቷ በሽታ የመከላከል አቅም ነው፤ እሱም በደም ምርመራ ከፍ ብሎ ደጋግሞ መታየት አለበት። የዛሬው ጨምሯል፣ ግን ገና ነው። ቢያንስ ስድስት ወር ትቀጥላለች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

ስድስት ወር። ጠዋቶቹ እንደ ረጅም ሰልፍ ፊቱ ተደረደሩበት።

ቀሚሱ ወለቀ። ልጅቷ በውስጥ ልብሷ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«ዝሆን ሆንኩ?»

«ሦስት መቶ ግራም ጨምረሻል» አለቻት ነርሷ፣ ድምጿ ለስልሶ። «ይቺ እንኳ የራስሽ ናት።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ አባት።

«ሦስት መቶ።»

ኮቱን አውልቆ ልጁን ጠቀለላት። አዲሱን ጠርሙስ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ታቅፏት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ያቺን ሦስት መቶ ግራም ክንዱ ላይ ለይቶ ሊያውቃት ሞከረ። አልቻለም። ልጅቷ «አውርደኝ፣ በእግሬ ልሂድ» ብትለውም ቤት እስኪደርሱ አላወረዳትም።