ዕጣው የወጣለት ሣር

ተማሪዎቼ ስታትስቲክስን የሚያዩት እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ነው። ገና ደብረ ብርሃን አውቶቡሱ ላይ ሳንወጣ፣ ገና አንዲት ሣር ሳንቆጥር፣ "ቲቸር፣ የምናሰላው በየትኛው ቴስት ነው፤ ቲ-ቴስት ነው አኖቫ?" ይሉኛል። ጥያቄያችሁ ምንድን ነው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። እነዚህ እንኳ ደህናዎቹ ናቸው። ሌሎቹ ወደ ቢሮዬ የሚመጡት መረጃውን ሰብስበው፣ ግራፉን በሦስት ቀለም አሳምረው፣ የምረቃ ጋዋናቸውን ለክተው ሲያበቁ ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለው ተረት በትምህርት ክፍላችን በር ላይ ቢለጠፍ ማንም አይቃወምም ነበር።

ያን ዓመት ግን ነገሩን ከሥሩ አስተካክላለሁ ብዬ ተነሣሁ። ክረምቱ እንደወጣ ተማሪዎቹን ይዤ ወደ አንኮበር ሄድኩ። ጥያቄያችን ግልጽ ነበር፤ ከብት በሚግጠውና ተጠብቆ በሚያድገው ሣር መካከል የዕፅዋቱ ዓይነት ብዛት ይለያያል ወይ? ዳገቱን በገመድ ከፋፍለን ለየአራት ማዕዘኑ ቁጥር ሰጠን። ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ባርኔጣዬ ውስጥ ጨመርንና ዕጣ አወጣን። ዓይናችን ያማረውን ቦታ ብቻ እንዳይመርጥ ዕጣ ግድ ነው፤ ያለ ዕጣ የትኛውም ቴስት ከጠንቋይ አይሻልም እያልኩ ሰበክኩ። ዕጣው የወጣለትን ቁጥር አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ሮጦ ካስማ ይተክላል።

ከዳገቱ በላይ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ያዩናል። እጄን አንሥቼ ሰላም አልኳቸው። ሳይንስ ሰውን እንዲህ ሲስብ ደስ ይላል ብዬም አሰብኩ።

ከዚያ ጉሙ ወረደ። የያዝነውን እርሳስ እንኳ ማየት ሲያቅተን ካስማዎቹን እንደተተከሉ ትተን ተመለስን። ቆጠራው ለሚቀጥለው ሳምንት ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት አውቶቡሱ ነዳጅ አጣ፤ ነዳጅ ሲገኝ ሾፌሩ ጠፋ። እንዲህ እያልን ስንመለስ ተጠብቆ ካደገው ሣር ውስጥ አንደኛው ቦታ የለም። ካስማዎቻችን አሉ፤ በመካከላቸው ግን አዲስ የተገለበጠ ጥቁር አፈር ነው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ ልጅ ጎንበስ ብላ አፈሩን አየችና፣ "ቲቸር፣ ዜሮ ልጻፍ? ዜሮ ካለበት ቲ-ቴስት ይሠራል?" አለችኝ። የመለስኩላትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። "ወይስ ካስማውን ወደዚያኛው ሣር እናዛውረው?" አለች ደግሞ፣ ልትረዳኝ ፈልጋ።

የመሬቱ ባለቤት መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥቂት በጎችና አንዲት የምትታለብ ላም ያላቸው ሴት ናቸው። ላሚቱ ከማሳው ዳር ታስራ ታመነዥካለች። የጠፋው ሣር ታጭዶ የእሷ የበጋ ድርቆሽ የሚሆን ነበር።

"ይኸው ታርሷል፣ ልጄ። የታረሰ መሬት ባለቤት አለው" አሉኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

"እማማ፣ ሊታጨድ የደረሰ ሣር እንዴት ይገለብጣሉ?"

"ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነዋ! የቀበሌው ሊቀመንበር 'ዩኒቨርሲቲ መሬት ሊለካ ይመጣል' አለን። እናንተም መጣችሁ፤ ገመድ ጣላችሁ፣ ዕጣ አወጣችሁ፣ ካስማውን ከእኔ መሬት ላይ ተከላችሁ። ሣር ሆኖ ሲያዩት ጦም ያደረ ነው ብለው ይወስዱብኛል። የአማቼን በሬዎች ለምኜ አሳረስኩት።"

ገመድ፣ ካስማ፣ ዕጣ። በዚህ አገር መሬት ሲደለደል የኖረው በእነዚህ ነው፤ የደረሰውም የተነጠቀውም ሰው አይረሳቸውም። እኛ ደግሞ አንዱንም ሳናጓድል አሟልተን መጣን። የቀረን ማኅተም ብቻ ነበር፤ እሱንም አስቀድመን በደብዳቤያችን ላይ ለቀበሌው ልከናል። ከብት ሣሩን ምን ያህል እንደሚጎዳ ልናጠና መጥተን፣ ያለ አንዳች ግጦሽ ሥሩን ነቅለን ጣልነው። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከድንበሩ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋቸው። መሬቱን የሚወስድ የለም፣ ዕጣው የትኛውን ቦታ እንደምንቆጥር ለመምረጥ ነው፣ ቆጥረን እንሄዳለን አልኳቸው።

"ለመቁጠር ብቻ?"

"ለመቁጠር ብቻ፣ እማማ።"

እፎይ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አፈሩን አዩ፣ ቀጥለው ላሚቱን አዩ።

"ዕጣ ሲወጣ አንድም ይሰጣል፣ አንድም ይወስዳል" አሉ። "የእናንተው ምን የሚሉት ዕጣ ነው? አሁን ይቺ ላም በጋውን ምን ትብላ?"

ለጥናት የተመደበልን በጀት ለገመድ፣ ለካስማና ለሾፌሩ አበል ነው። ድርቆሽ የሚል አርእስት የለውም። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ላሚቱን ፈትተው፣ ሌላው ከብት ሁሉ ወደጋጠው ዳገት ነዷት።

ልጅቱ እርሳሷን እንደያዘች አጠገቤ ቆማለች። ቁጥር ስላላማራችሁ ብቻ አይጣልም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"ልጻፈው፣ ቲቸር?"

"ጻፊው" አልኳት።

"የተጠበቀ ሣር" ከሚለው ርእስ ሥር ዜሮ ብላ ጻፈች።